እንጥል ላስቆርጥ የሄድኩ ዕለት

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ የምትበላውም አራት ነገር ብቻ። አንደኛው ዔሽ ነው፣ የሱዳኑ ክብ ዳቦ፤ እሱም ደረቅ ሆኖ፣ ደግሞም ከሰፈራችን ዳቦ ቤት የወጣ መሆን አለበት። ከሌላ ቦታ ካመጣሁባት አንዴ አሽትታ ትመልሰዋለች። ሁለተኛው ጨው ያልነካው ነጭ ሩዝ፣ ሦስተኛው ጥቁር ነጥብ የሌለበት ሙዝ፣ አራተኛው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች። ከዚህ ውጭ ያለውን የአላህ ሲሳይ ሁሉ እንደ መርዝ ነበር የምታየው። ወጥ ከሩቅ ከሸተታት ያቅለሸልሻታል፤ ሩዟ ላይ አንዲት የወጥ ጠብታ ካረፈች ሳህኑ ሙሉ ተበላሸ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ማን ነኝ? ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቪላ ቤት የማበስል ሴት። የመዳም እንግዶች ሐበሻዋ ሙላሕ ስትሠራ ከኛ ሴቶች ትበልጣለች እያሉ ጣታቸውን ይልሱ ነበር። ሙላሕ የሱዳኖች ወጥ ነው፤ በተለይ ወይካ የሚባለው የደረቀ ባሚያ ሲገባበት ይለጠጣል፣ ይዝለገለጋል፣ እነሱ ሲያዩት ምራቃቸው ይመጣል። የሰው ልጆች እኔ በሠራሁት ምግብ ጉንጫቸው ይቀላል፤ የኔዋ ቤት ተቀምጣ የዳቦ ቅርፊት ትቆረጥማለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ወላሂ እኔን አይቶ ነው።

ይሄ ሁሉ ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፤ ሰፈራችን ሐጅ ዩሱፍ ገና ሐጅ ዩሱፍ እያለ። አባቷ ሰሜን በረሃ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ኔትወርክ ሲያገኝ ብቻ ይደውላል። የምንኖረው አምስት ቤተሰብ አንድ ግቢ ተጋርተን ነው፤ ሁላችንም የወሎ ሰዎች። እኔ ሥራ ስሄድ ልጄን የሚጠብቁልኝ የግቢያችን ትልቅ ሴት ነበሩ፤ እቴቴ ነው የምንላቸው። ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ሁለት የቀበሩ፣ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ እኔን የሚያስተምሩኝ ሴት ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ሥራዬም አይኖርም ነበር፤ ይሄንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገሩ ምግብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ራሷን ሳጥባት ሰው የገደልኩ ነው የሚመስለው፤ ጎረቤት አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ረክሻ፣ ያገራችን ባጃጅ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ሁለት ጆሮዋን ይዛ መሬት ትቀመጣለች፤ ሐጅ ዩሱፍ ደግሞ ረክሻ ጡሩምባ ሳይነፋ የሚያልፍ ደቂቃ የለም። ከልብሷ አንገት ላይ ያለችው ትንሿ ጨርቅ ካልወጣችላት ቀኑን ሙሉ ትቧጭራለች። ይቺን እንኳ ከኔ ነው የወረሰችው እያልኩ እስቅ ነበር፤ እኔም አዲስ ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማደርገው ያቺን ጨርቅ በምላጭ መፍታት ነው።

የሰው አፍ መቼም አይከደንም። አንዷ አሞላቅቀሻት ነው ትለኛለች፣ አንዷ ዓይን በልቷት ነው ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ሦስት ቀን አስርቢያት ድንጋይም ትበላለች ብላ መከረችኝ። ላንቺ ልጅ ድንጋይ ስጪው፣ የኔ ዳቦ ትበላለች ብያት ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። አፌ እንዲህ ስለታም ይሁን እንጂ ሆዴ ፈርቶ ነበር። የልጄ ክንድ የሙዙን ያህል እንኳ አልነበረም።

ጉዱ የፈላው በዒድ ምሳ ነው። ግቢያችን ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትልቁ ትሪ መሃል ተቀምጦ፣ አሥር ሰው ከበን ነበር። እኔ እንደ ልማዴ የውሃ ጆጌን አጠገቤ አድርጌአለሁ፤ ያለ ውሃ ምግብ አይወርድልኝም፣ ሴቶቹም ግመሏ እያሉ ይስቁብኛል። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ዔሿን ትቆረጥማለች። እቴቴ በግ ወጥ በእንጀራ ጠቀለሉና ክንዳቸውን ትሪውን አሻግረው ወደ አፏ ሰደዱ።

"አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" አሉ።

ልጄ ከንፈሯን ገጠመች። እቴቴ እጃቸውን አላጠፉም። ጉርሻ እጅ ላይ ሲቆይ እንዴት እንደሚከብድ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ መብላቱን አቁሞ ያቺን እጅ ያያል። ልጅ ናትና ተዋት የሚል ጠፋ። ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን የሰው ፊት ፈራሁ፤ በዒድ ቀን ያን የመሰለ እጅ ልትመልስ ነው ብዬ አፈርኩ። ዞር ብዬ አገጯን ያዝኩና ጉረሺ እንጂ አልኳት፤ አውራ ጣቴን ከንፈሯ ላይ አድርጌ ተጫንኩት።

ጉርሻው ገባ። ዓይኗ ተጎልጉሎ እኔን አየኝ፤ እቴቴን አይደለም፣ እኔን። ከዚያ ትንፋሿ ቆመ። ከንፈሯ ሲጠቁር አይቻለሁ። ጀርባዋን ስመታ የበላችውም ያልበላችውም ወጥቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ፤ የአሥር ሰው የዒድ ምሳ። አንዷ ቀስ ብላ ትሪውን አነሳች። ልጄን ታቅፌ ቀረሁ።

እቴቴ አልተቆጡም፤ እንደውም አዘኑ። እጃቸውን ታጠቡና፣ በቃ ተገኘ፣ የዚች ልጅ እንጥል ወርዷል አሉ። ጉሮሮ ደጃፍ ላይ የተንጠለጠለችው ሥጋ ስትረዝም ምግብ አታሳልፍም፣ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ካልተቆረጠች እንደ ሻማ አልቆ ይሞታል። እሳቸው የቀበሯቸውን ሁለቱን ሳያስቆርጡ በመቅረታቸው ነው የሚጸጸቱት። ከድልድዩ ማዶ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት የምትቆርጥ ያገራችን ሴት አለች፣ እጇ ሸጋ ነው አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ አስገድደውኝ ነው ልል እችል ነበር፤ ግን ማንም አላስገደደኝም። ደስ ነው ያለኝ። ልጄ ሞልቃቃ ሳትሆን እንጥሏ ነው፤ እንጥል ደግሞ ይቆረጣል።

ከዒዱ በኋላ ነገሩ ባሰ። ድንቹን ተወች፣ ሙዙን ተወች፣ ሩዙን ተወች። የቀራት ዔሿ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰው ካየ አትበላም። ይዛው አልጋ ሥር ትገባለች፤ እኔ ውጭ ሆኜ የምትቆረጥመውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ጎንበስ ብዬ ካየኋት ታቆማለች። ከኔ ነው የምትደበቀው።

ጁምዓ ቁርስ ላይ ቪላ ቤት ሥራ ስለሚበዛ መዳምን ኢጃዛ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ፣ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ለምን አለችኝ። ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና በዓረብኛ ብዙ ተናገረች፤ የሷ አያትም እንዲሁ ያስቆርጡ እንደነበር፣ የአክስቷ ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ እንደሞተ፣ የምታውቃት የልጆች ዱክቶራ እንዳለች፣ እሷ ጋ ይዛኝ እንደምትሄድ። ኢንሻአላህ ብዬ ወጣሁ። በሆዴ ግን ተናድጄ ነበር። የሷ ልጆች እኔ የሠራሁትን ሁለት ሁለት ሳህን እየበሉ፣ እሷ ስለ ልጅ አለመብላት ምን ታውቃለች?

ጁምዓ ጠዋት እቴቴ፣ እኔና ልጄ በሐፍላ፣ በትንሿ አውቶቡስ፣ ድልድዩን ተሻግረን ቡሪ ወረድን። ልጄ መንገዱን ሁሉ ጆሮዋን ይዛ ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀብራ ነበር። ዱክቶራ ጋ ነው የምንሄደው ብያታለሁ። ዋሽቻታለሁ።

የቆራጯ ቤት ከድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ግቢው ንጹሕ ነበር፤ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ጥላ ሥር ወጥቷል፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጨው ያለው ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት። ሴትየዋ በዕድሜ እናቴን ታህላለች፤ ያኔ በአፌ እርስዎ ብያታለሁ፣ ዛሬ ግን አንቱ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ሠላሳ ዓመት ሱዳን ኖራ አማርኛዋ በዓረብኛ ተለውሷል። ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጄን አይታ፣ እኔን ይድፋኝ፣ እንዴት ከስታለች አለች። ከዚያ ያላ ብላ ሥራችንን አከፋፈለችን፤ እኔ እቅፌ ውስጥ አድርጌ እጇን፣ እቴቴ እግሯን፣ እሷ አፏን።

ልጄ አፏን ገጠመች። ጮኸች ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ በአፍንጫዋ ብቻ ትተነፍሳለች፤ ልቧ ክንዴ ላይ ይመታል። ሴትየዋ በግድ መክፈቱን አልወደደችውም፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል አለች። የስልኳን መብራት አበራችና ወደኔ ዞረች።

"አንቺ አፍሽን ክፈቺላት። የናቷን አይታ ትከፍታለች።"

ከፈትኩ። ለልጄ እያሳየሁ አአአ አልኩ። ሴትየዋ መብራቱን ወደ ጉሮሮዬ አደረገች፣ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ፈገግ አለች።

"ያንቺማ ድሮ ተቆርጧል" አለች። "ከሥሩ ነው የወሰዱት። ቆንጆ እጅ ነው።"

ክው አልኩ። አፌን እንደከፈትኩ ነው የቀረሁት። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ አፍ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ተሳድቤአለሁ፤ የጎደለ ነገር እንዳለበት አንድ ቀን አላወቅሁም። እቴቴ፣ ሱብሐነላህ፣ ይኸው አየሽ፣ አንቺም በዚሁ ነው የዳንሽው አሉኝ ደስ ብሏቸው። ሴትየዋ ብረቱን ውሃው ውስጥ ነከረች። እኔ ልጄን እንደታቀፍኩ ተነሳሁ፤ አንዴ፣ እናቴ ጋ ልደውል አልኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። እግሬ ነው ያስነሳኝ።

አጥሩ ጥግ ሄጄ ወሎ ደወልኩ። እናቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች፤ ሰላምታውን አላስጨረስኳትም።

"እማ፣ እንጥሌን አስቆርጠሽኛል እንዴ?"

ከኋላዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ማን ነገረሽ አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች፤ ሰው ሲጠይቃት ስትጠብቅ የኖረች ይመስል። ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ከምግብ ሁሉ የምበላው የደረቀ የቂጣ ጠርዝ ብቻ። ሽሮ ጣቴን ከነካኝ እስኪታጠብልኝ አለቅሳለሁ። ብርድ ልብስ ሲነካኝ አጉል አጉል እሆናለሁ፤ በክረምት ራቁቴን ነው የምተኛው። የሠርግ ከበሮ ከሰማሁ ጎተራ ሥር እደበቃለሁ። አያቴ እንጥሏ ነው አሉ፣ ሰውየው መጣ፣ አራት ሰው ያዘኝ። እናቴ ቤት ውስጥ መቆም አቅቷት ውጭ ወጥታ ጆሮዋን ይዛ ነበር።

እሷ ስትናገር እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የውሃ ጆጌን አየሁ። ወይካ ስበላ አንዴም አኝኬ እንደማላውቅ፣ ዝልግልጉ ምላሴን ሳይነካው በውሃ እንደምሸኘው። ወጥ ሳበስል የማልቀምሰው፣ ጨውን በማሽተት የምለየው፣ ያን ሁሉ ሙያ ነው እያልኩ የምኮራበት። ያቺን የአንገት ጨርቅ። ያ አላህ! ልጄ ከኔ የወረሰችው ያቺን ጨርቅ ብቻ አልነበረም። ቁጭ አልኩ፣ መሬት ላይ፣ አቧራው ላይ።

"ከዚያ በኋላ በላሁ?" አልኳት።

እናቴ ዶሮውን እሽ ብላ አባረረች።

"መብላቱንስ አልበላሽም፣ የኔ ልጅ" አለች። "ማልቀሱን ነው የተውሽው። የሰጠንሽን ትውጪ ነበር፣ ዝም ብለሽ። ሰው ሁሉ ዳነች አለ።"

ስልኩን ዘግቼ ልጄን አየኋት። ጆሮዋን ይዛ፣ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች ታየኛለች። ለምን እንደምትታገለኝ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ያኔ ተሸንፌ ነው፤ እሷ ገና አልተሸነፈችም።

ተመልሼ ለሴትየዋ ኸላስ፣ ይቅር አልኳት። እቴቴ ደነገጡ። እዚህ ድረስ መጥተን፣ ሰው አስቸግረን፣ ምን ሆነሻል አሉኝ። ያለ እሳቸው ሥራ እንደማልሠራ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልጄን እንደታቀፍኩ በሩን ወጣሁ። ኋላዬ ሲከተሉኝ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ እስከ ሐፍላው ማቆሚያ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ሐፍላው ውስጥ ልጄ እጄን ነካች።

"ማማ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈትኩላት። ሰው እያየን ነው፤ ይየን። አንገቷን አጣማ ለብዙ ጊዜ አየች። የለም አለችኝ። አዎ የለም አልኳት። አመመሽ አለችኝ፤ አላስታውስም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ትንሽ አሰበችና ያንን ለቆራጯ አልከፈት ያለ አፏን፣ ማንም ሳይለምናት፣ እስከ ጉሮሮዋ ከፈተችልኝ። አየሁት። ቦታው ላይ አለ። ትንሽ፣ ቀይ፣ ስትተነፍስ ይንቀሳቀሳል። እንባዬ እዚያው ሐፍላ ውስጥ ወረደ።

የመዳም ዱክቶራ ጋ በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። እንጥሏ ደህና እንደሆነ፣ አንዳንድ ልጅ ቆዳውም ምላሱም ጆሮውም ከሌላው በላይ እንደሚሰማው፣ አሞላቅቄያትም ዓይን በልቷትም እንዳልሆነ ነገረችኝ። አትጫኛት፣ የራሷ ሳህን ይኑራት፣ አዲስ ምግብ አጠገቧ አስቀምጪና ዞር በይ፣ ብትነካው ይበቃል፣ ኪሎዋን በየወሩ እንይ አለች። ሌላም ብዙ አለች፤ ሁሉም ጠቅሞናል። ሩዙና ሙዙ ተመልሰዋል፣ ከዓመት በኋላም እንቁላል ተጨምሯል። ለኔ ግን ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ያን ጁምዓ ምሳ ላይ ነው።

ያን ቀን ከቡሪ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ እየጠበቁን ነበር። ለተቆረጠ ልጅ የሚሆን ለስላሳ ገንፎ ተሠርቷል፤ ለኛ ለትልልቆቹ ደግሞ ትሪ ላይ ኪስራ የሚባለው የሱዳኖች ስስ እንጀራና የወይካ ሙላሕ። እቴቴ አልተቆረጠችም አሉና ተቀመጡ። ልጄ ዔሿን ይዛ ወደ አልጋዋ ሥር አመራች። እኔ ትሪው ጋ ተቀመጥኩ። አንዷ እንደ ልማዷ የውሃ ጆጌን አመጣችልኝና ግመሏ ጠጪ አለችኝ።

ጆጉን ገፋ አደረግኩት።

"እኔ ወይካ አልወድም" አልኩ። "ወድጄም አላውቅም። አልበላም።"

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ ከሰው ትሪ ላይ አልበላም ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ሴቶቹ እጃቸው ባየር ላይ ቀረ። እቴቴ ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ወደ ኪስራው ሄዶ ነበር፣ ጠቅልለው ሊያጎርሱኝ፤ አውቃለሁ፣ ሰው ሲከፋው የሚያውቁት መድኃኒት ያ ነው። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ልጄ የሄደችበትን በር አዩ፣ እጃቸውንም መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ምን ልስጥሽ ታዲያ አሉኝ፤ በቀስታ። ያንን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። መጣች። ሰው ሁሉ እያያት አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ዔሿን ለሁለት ገመሰችና የራሷን ነከሰች። ትልቁ ግማሽ ለኔ ነው። አላጎረሰችኝም፣ እጄንም አልነካችም፤ ፊት ለፊቴ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችውና ዞር ብላ የራሷን መብላት ቀጠለች።